ዋንጫው ዘግይቶ የደረሰለት ነጂ፤ የዌንዴል ስኮት የሕይወት ታሪክ

በትምህርት ቤታችን የስፖርት በዓል በሚደረግበት ቀን አንድ ተማሪ ሮጦ ሲያሸንፍ ወዲያው ስሙ ይጠራል፤ ወላጆቹና መምህራኑ እያዩት ዋንጫውን ይቀበላል፤ ጓደኞቹም በጭብጨባ ያጅቡታል። ይህ ለእኛ የተለመደ ነገር ስለ ሆነ እንደ ትልቅ ነገር አንቈጥረውም። ነገር ግን በግልጽ አሸንፎ ሳለ ዋንጫው ለሌላ ሰው ሲሰጥ በዐይኑ ያየ፣ የድሉም ዋንጫ ለቤተሰቡ የደረሰው እርሱ ካረፈ ከ30 ዓመት በኋላ የሆነ አንድ ሰው ነበር። ይህ ሰው አሜሪካዊው የመኪና እሽቅድምድም ነጂ ዌንዴል ስኮት ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እለምናለሁ።

ዌንዴል ስኮት ነሐሴ 29 ቀን 1921 ዓ.ም. በቨርጂኒያ ክፍለ ሀገር ዳንቪል በምትባል ከተማ ተወለደ። በዚያ ዘመን በደቡባዊው የአሜሪካ ክፍል ጥቁሮችና ነጮች በሕግ ተለያይተው ይኖሩ ነበር። ትምህርት ቤቱ፣ ሆቴሉ፣ የአውቶቡሱ መቀመጫ፣ የውሃ መጠጫው እንኳ ሳይቀር ለየብቻ ነበር። ዳንቪል የጥጥ ፋብሪካና የትምባሆ ንግድ ከተማ ስለ ነበረች ብዙው ሕዝብ የሚተዳደረው በእነዚሁ ነበር። ወጣቱ ስኮት ግን ዕድሜውን ሁሉ በፋብሪካ አለቃ ሥር ሆኖ ለማሳለፍ አልፈለገም። አባቱ ሾፌርና መካኒክ ስለ ነበረ የሞተርን ነገር ገና በልጅነቱ ከእርሱ ተማረ።

በ1943 ዓ.ም. ሜሪ ኮልስ የምትባል ሴት አገባ፤ ሰባት ልጆችም ወለዱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ጦር ውስጥ በመካኒክነት አገለገለ። ከጦርነቱ ሲመለስ የራሱን ጋራዥ ከፍቶ መኪና ይጠግን ጀመር፤ ታክሲም ነድቷል። ነገር ግን ገቢው ለቤተሰቡ ስላልበቃው ሌሊት ሌሊት ያለ ፈቃድ የተጠመቀ አረቄ በመኪና ያመላልስ ነበር። ይህን ሥራ የሚሠሩ ነጂዎች ፖሊስ እንዳይዛቸው የመኪናቸውን ሞተር አሻሽለው በጠመዝማዛ መንገድ ላይ በኀይል መንዳት ነበረባቸው። ስኮትም በ1949 ዓ.ም. ተይዞ ተፈርዶበታል። የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ስንጽፍ ጥፋታቸውን መደበቅ አይገባንምና ይህን ሳልናገር ለማለፍ አልወደድሁም።

በአሜሪካ ስቶክ ካር የሚባለው እሽቅድምድም የሚደረገው በመልካቸው ማንም ሰው ከሱቅ ገዝቶ የሚነዳቸውን በሚመስሉ መኪናዎች ነው። ይህን እሽቅድምድም የሚመራው ናስካር የሚባለው ማኅበር የተቋቋመው በ1948 ዓ.ም. ነው። በ1952 ዓ.ም. በዳንቪል እሽቅድምድም ያዘጋጁ ሰዎች ብዙ ተመልካች ለመሳብ ሲሉ አንድ ጥቁር ነጂ ፈለጉ፤ በከተማው ውስጥ ከጥቁሮች መካከል በፍጥነት የሚነዳው ማን እንደ ሆነም ፖሊሶችን ጠየቁ። ፖሊሶቹ ሲያሳድዱት ብዙ ጊዜ ያመለጣቸውን ሰው ደኅና አድርገው ያውቁት ነበርና የስኮትን ስም ሰጡ። በዚያ ቀን ከተመልካቾች አንዳንዶቹ ጮኹበት፤ መኪናውም ተበላሸበት። እርሱ ግን ሥራው ምን እንደ ሆነ በዚያኑ ቀን ዐወቀ።

ከዚህ በኋላ ወደ ናስካር እሽቅድምድም መኪናውን እየጐተተ ቢሄድ ጥቁር ስለ ሆነ ብቻ አንወስድህም ብለው መለሱት። እርሱ ግን በሚቀበሉት ሌሎች ትናንሽ ሜዳዎች እየተወዳደረ ልምድ አገኘ፤ በኋላም በሪችመንድ ከተማ አንድ የናስካር ሹም የመወዳደሪያ ፈቃድ ሰጠው። በ1959 ዓ.ም. በአንድ ክፍል የቨርጂኒያ ሻምፒዮን ሆነ። በመጋቢት ወር 1961 ዓ.ም. ደግሞ ግራንድ ናሽናል ወደ ተባለው ከፍተኛው ደረጃ ገባ።

በዚህ ደረጃ የሚወዳደሩት ስመ ጥር ነጂዎች ከመኪና ፋብሪካዎች አዲስ መኪና፣ ገንዘብና ብዙ መካኒኮች ያገኙ ነበር። ስኮት ግን ይህን የመሰለ ረዳት አልነበረውም። ሌሎች የተጠቀሙበትን መኪና ገዝቶ፣ ሞተሩን በገዛ እጁ ፈትቶና ገጥሞ፣ ያረጀ ጎማ አስገብቶ ይወዳደር ነበር። ጎማ የሚቀይሩለትና ቤንዚን የሚሞሉለት ልጆቹ ነበሩ። ከውድድሩ በፊት ብዙ ሆቴሎች ስለማያሳድሩት ከልጆቹ ጋር በመኪና ውስጥ የሚያድርበት ጊዜ ነበር። በሜዳው ላይም ሆነ ብለው የሚገጩት ነጂዎች ነበሩ፤ እርሱ ግን ቢጣላ ፈቃዱን እንደሚነጥቁት ስለሚያውቅ ታገሠ። ትዕግሥቱንና ሙያውን አይተው በኋላ መለዋወጫ ዕቃ የሰጡት ነጮችም አልታጡም።

በ1963 ዓ.ም. በሰኔ ወር በተወለደባት በዳንቪል ከተማ ስለ እኩልነት ሰልፍ የወጡ ጥቁሮች በፖሊስ ዱላና በእሳት አደጋ መኪና ውሃ ተደበደቡ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 1 ቀን ስኮት በፍሎሪዳ ክፍለ ሀገር በጃክሰንቪል ከተማ 200 ዙር በሚደረግበት የአፈር ሜዳ ላይ 34 ቍጥር በተጻፈባት ሸቭሮሌት ተወዳደረ። ሊፈጸም 25 ዙር ሲቀረው መኪናው የታወከችበትን ታዋቂውን ሪቻርድ ፔቲን አልፎ መሪ ሆነ። ሁለት መቶውን ዙር ሲጨርስ ግን የፍጻሜው ባንዲራ ሳይውለበለብለት ቀረ። እርሱም መንዳቱን ቀጠለ። በመጨረሻ ባንዲራው የተውለበለበው ሁለት ዙር ወደ ኋላ ቀርቶ ለነበረው ለነጩ ነጂ ለባክ ቤከር ነው። ቤከርም አሸናፊ ተብሎ በተመልካቹ ፊት ዋንጫውን ተቀበለ።

ስኮት የዙሩ ቍጥር እንደገና እንዲመረመር አመለከተ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ፣ ሕዝቡ ወደየቤቱ ከሄደ ወዲያ፣ ሹማምንቱ አሸናፊው ስኮት መሆኑን አመኑ። የሽልማቱ ገንዘብ ተከፈለው፤ ዋንጫው ግን አልነበረም። በኋላ የሰጡት ነገር ርካሽ የእንጨት ሥራ ነበር። ለአሸናፊው ዋንጫ የምትሰጠው ነጭ ልጃገረድ አሸናፊውን መሳም ልማድ ስለ ነበረ፣ ስኮት ይህን ሁሉ ያደረጉት ልጅቱ ጥቁር ሰው እንዳትስም ብለው ነው ብሎ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ያምን ነበር።

ይህ ሁሉ ሲደርስበት ሥራውን አልተወም። በ1966 ዓ.ም. በጠቅላላው ነጥብ ስድስተኛ ሆነ። በከፍተኛው ደረጃ 495 ጊዜ ተወዳድሮ 147 ጊዜ ከአንድ እስከ ዐሥር ባለው ውስጥ ገብቷል። በግንቦት 1973 ዓ.ም. በታላዴጋ ሜዳ ብዙ መኪናዎች በተጋጩበት አደጋ አጥንቱ ተሰባብሮ ክፉኛ ቈሰለ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ተወዳድሮ ወደ ጋራዡ ተመለሰ። በ1977 ዓ.ም. ታሪኩ በፊልም ታየ። ታኅሣሥ 23 ቀን 1990 ዓ.ም. በተወለደባት ከተማ በነቀርሳ በሽታ በ69 ዓመቱ ዐረፈ።

በ2015 ዓ.ም. ስሙ በናስካር የክብር አዳራሽ ከታላላቆቹ ነጂዎች ጋር ተመዘገበ። በነሐሴ ወር 2021 ዓ.ም.፣ የተወለደበት 100ኛ ዓመት ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው፣ የጃክሰንቪሉ ድል ዋንጫ በሕዝብ ፊት ለልጆቹ ተሰጠ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ባባ ዋላስ የተባለ ሌላ ጥቁር ነጂ በዚያ ደረጃ አሸነፈ። በሁለቱ ድሎች መካከል 58 ዓመት ገደማ ዐልፏል።

አባቶቻችን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የስኮትም እውነት ጠርቷል፤ ነገር ግን ሲጠራ እርሱ አላየውም። ከዚህ ታሪክ በችግር ውስጥ መጽናትን እንማራለን። እኔ ግን ከዚህ ይልቅ ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። ስኮት ነጂ ሆኖ ማድረግ የሚገባውን ሁሉ አድርጓል፤ ጥፋቱ የተገኘው ዙሩን በሚቈጥሩትና ባንዲራውን በያዙት ሰዎች ላይ ነው። እኛ ዘንድሮ ትምህርታችንን የምንፈጽም ተማሪዎች ነገ አስተማሪ ሆነን ፈተና እናርማለን፤ ጸሐፊ ሆነን መዝገብ እንይዛለን፤ ከመካከላችን ዳኛ የሚሆንም አለ። ያን ጊዜ የቆምነው በባንዲራው አጠገብ ነውና፣ ቀድሞ የደረሰው ማንም ይሁን ማን፣ ዙሩን ሳናጓድል እንቍጠርለት፤ ዋንጫውንም በሕይወት ሳለ እንስጠው።