ጆሴፍ ፕሪስትሊ፦ ሻማውና አይጧ

የላሊበላ ልጅ ስለሆንኩ ስለ ኦክስጅን ስንማር ጆሮዬ ይቆማል። ከተማችን 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚገኘው በሩብ ያህል ያንሳል። ታዲያ ኦክስጅን ሲበዛስ አይጎዳም? ይህን አስቀድሞ የጠረጠረው ጆሴፍ ፕሪስትሊ ነው።

ፕሪስትሊ እ.ኤ.አ. በ1733 በእንግሊዝ አገር ሊድስ አቅራቢያ ከጨርቅ ሠሪ ቤተሰብ ተወለደ። እናቱ በልጅነቱ ስለሞተች አክስቱ አሳደገችው። አንደበቱ ቢንተባተብም ሰባኪና መምህር ሆነ፤ ኬሚስትሪን ያወቀው በአብዛኛው በራሱ ጥረት ነው።

በ1774 የፀሐይ ብርሃን በመነጽር ሰብስቦ ቀዩን ሜርኩሪ ኦክሳይድ ሲያሞቅ ጋዝ ወጣ። ሻማ በጋዙ ውስጥ ቦግ ብሎ ነደደ። በ1775 ደግሞ አይጥ ከድኖበት ሞከረ። በተራ አየር ሩብ ሰዓት ያህል ትቆያለች ያላት አይጥ ግማሽ ሰዓት ቆየች፤ ስትወጣም ነፍስ ዘራች። እሱም ራሱ ተነፈሰውና ደረቱ ቀለል አለው። ሆኖም ሻማው ቶሎ ነዶ እንደሚያልቅ ሁሉ የእኛም ዕድሜ በዚህ አየር ቶሎ ተቃጥሎ እንዳያልቅ ሰጋ።

በ1791 በፖለቲካና በሃይማኖት አቋሙ የተቆጣ ሕዝብ በበርሚንግሃም ቤቱንና ላቦራቶሪውን አቃጠለበት። በ1794 ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ በ1804 እዚያው አረፈ። እስኪሞት ድረስ የድሮውን የፍሎጂስቶን ሐሳብ አልተወም፤ ኦክስጅን የሚለውን ስም ያወጣው ላቮይዚዬ ነው።

ስጋቱ ግን እውነት ሆነ። በ1954 ርብቃ ጌርሽማንና ባልደረቦቿ የኦክስጅን መብዛትም ሆነ የኤክስሬይ ጨረር በነጻ ራዲካሎች አማካይነት እንደሚጎዱ አመለከቱ። ፕሪስትሊ ሊያይ የሚችለው አይጧ መኖር አለመኖሯን ብቻ ነበር። የዛሬ ተመራማሪዎች ግን ሱፐርኦክሳይድን ወይም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ሲያገኝ የሚያበራ ኬሚካል ለአይጧ ይወጋሉ፤ አደንዝዘውም ጨለማ ሳጥን ውስጥ ያስተኟታል። እጅግ ደካማ ብርሃን የሚይዝ ካሜራ የተጎዳውን የሰውነቷን ክፍል ሳትገደል ያሳያል። ችግሩ፣ ደምና ሥጋ ብርሃኑን ስለሚውጡት ከጥልቅ የሚመጣው ብዙም አይታይም። የትኛው ሞለኪውል እንዳበራው መለየትም ያስቸግራል።

በ2002 የታተመ ጥናት በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ የአማራ ደገኞች ደም እንደ ባሕር ጠረፍ ሰው ደም በኦክስጅን የተሞላ መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ በላስታ ደገኛ ሥጋ ውስጥ የፕሪስትሊ እሳት እንዴት ይነድ ይሆን? ሰውን እንደ አይጥ ሳጥን ውስጥ አናስተኛውም፤ ግን በደምና በሽንት ውስጥ የሚቀረውን የጉዳት ምልክት መለካት ይቻላል እኮ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ጓደኞቼ፣ አስቡበት።