ኤድጋር ኮድ፡ የመረጃ ቋትን አሠራር የለወጠው የሒሳብ ሰው

አንድ ደንበኛ ወደ ባንክ ገብቶ የሒሳብ ቁጥሩን ሲናገር፣ ከብዙ ሺህ ሰዎች መዝገብ መካከል የእርሱ ብቻ ተለይቶ በሰከንዶች ውስጥ ከሠራተኛዋ ፊት ይቀርባል። የአውሮፕላን ትኬት ሲቆረጥ፣ የታካሚ ካርድ ሲፈለግ፣ የተማሪ ውጤት ሲመዘገብም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ የመረጃ ቋት፣ በባለሙያዎቹ አጠራር ዳታቤዝ፣ ይገኛል። በዓለም ላይ በሰፊው ከሚሠራባቸው የመረጃ ቋቶች አብዛኞቹ የቆሙት አንድ እንግሊዛዊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 ባሳተመው የ11 ገጽ ጽሑፍ መሠረት ላይ ነው። ሰውየው ኤድጋር ፍራንክ ኮድ ይባላል። ሐሳቡን ያፈለቀው በዘመኑ የኮምፒውተር ኩባንያዎች ሁሉ አውራ በነበረው በአይ ቢ ኤም ተቀጥሮ ሳለ ነበር። ሐሳቡ ወደ ገበያ እንዳይወጣ ለዓመታት ያዘገየውም ይኸው ቀጣሪው ነው።

ኮድ የተወለደው እ.አ.አ ነሐሴ 19 ቀን 1923 በደቡብ እንግሊዝ ዶርሴት አውራጃ፣ ፖርትላንድ በምትባል ደሴት ነው። አባቱ የቆዳ ውጤቶች አምራች፣ እናቱ መምህርት ነበሩ። ከሰባት ልጆች የመጨረሻው እርሱ ነው። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኤክሰተር ኮሌጅ ሒሳብና ኬሚስትሪ ሲያጠና ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተቀጣጠለ። ተማሪ በመሆኑ ከዘመቻ መዘግየት ይችል ነበር፤ እርሱ ግን በፈቃዱ የእንግሊዝ አየር ኃይልን ተቀላቅሎ፣ በባሕር ላይ የሚያርፉትን ሰንደርላንድ የተሰኙ ግዙፍ አውሮፕላኖች አበረረ። ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ ትምህርቱ ተመልሶ በ1948 አጠናቀቀ።

በዚያው ዓመት አትላንቲክን ተሻግሮ ኒው ዮርክ ገባ። የኦክስፎርዱ ምሩቅ በመጀመሪያ ያገኘው ሥራ ሜሲስ በተባለው ትልቅ መደብር የወንዶች ልብስ መሸጥ ነበር። ከዚያ በቴኔሲ ዩኒቨርሲቲ ለስድስት ወራት ሒሳብ አስተማረ። በ1949 አይ ቢ ኤም ቀጠረውና ገና አዳራሽ ከሚሞሉት ኮምፒውተሮች ጋር ተዋወቀ።

ወቅቱ በአሜሪካ ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ ኮሚኒስት አሳድዳለሁ በሚል ብዙዎችን በጥርጣሬ ያስከሰሰበትና ከሥራ ያስባረረበት ነበር። ነገሩ ያስቆጣው ኮድ በ1953 ሥራውን ጥሎ ወደ ካናዳ፣ ኦታዋ ተሰደደ። ማንም አላባረረውም፤ የማይወደውን ነገር ከማየት መሄድን መርጦ ነው። ይህ ጠባይ ኋላም በሥራው ላይ ይገለጣል። የተመለሰው በ1957 ሲሆን፣ አይ ቢ ኤምም መልሶ ተቀበለው። በዚያም ስትሬች በተሰኘው ኮምፒውተር ላይ በርካታ ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ የሚሠሩበትን ዘዴ ከነደፉት አንዱ ሆነ።

ዕድሜው ወደ አርባ ሲጠጋ እንደገና ተማሪ ሆነ። በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1965 የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። የመመረቂያ ጥናቱ ያተኮረው ራሱን በራሱ ማባዛት በሚችል የማሽን ንድፈ ሐሳብ ላይ ነበር። ርዕሰ ጉዳዩ ከመዝገብ አያያዝ የራቀ ቢመስልም፣ ችግርን በጥብቅ ሒሳብ መፍታትን ልማዱ አድርጎለታል። ከዚያ በካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ ከተማ ወደሚገኘው የአይ ቢ ኤም የምርምር ማዕከል ተዛወረ።

ሳን ሆዜ ሲደርስ ባንኮች፣ ፋብሪካዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መዝገባቸውን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እያዛወሩ ነበር። መረጃውን ማስገባቱ አላስቸገረም፤ ያስቸገረው አስገብቶ ማግኘቱ ነው። የአይ ቢ ኤም ዋነኛ የመረጃ ቋት አይ ኤም ኤስ ይባላል። የተሠራው ሰውን ወደ ጨረቃ ለላከው የአፖሎ ፕሮግራም ሲሆን፣ ዓላማውም የሮኬቱን እጅግ ብዙ መለዋወጫ ዝርዝር መያዝ ነበር። መረጃውን የሚያከማቸው እንደ ዛፍ ነው፤ ከግንዱ ቅርንጫፍ፣ ከቅርንጫፉ ደግሞ ሌላ ቅርንጫፍ ይወጣል።

አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር መዝገቡን በዚህ መንገድ ያዘ እንበል። በመጀመሪያ የአባሉ ስም፣ ከእርሱ ሥር የወሰደው ማዳበሪያ፣ ከማዳበሪያው ሥር ደግሞ ብድሩ ይቀመጣል። አንድ አባል ምን ያህል ወሰደ ለሚል ጥያቄ መልሱ ቅርብ ነው። ዩሪያ የወሰዱት እነማን ናቸው ተብሎ ከተጠየቀ ግን ዛፉን ከግንዱ ጀምሮ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ መፈተሽ ግድ ይላል። ይህን የሚያደርገውም መንገዱን አንድ በአንድ የሚያውቅ ፕሮግራም ጸሐፊ ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ አዲስ ጥያቄ ብዙ ገጽ የሚሞላ አዲስ ፕሮግራም ይጽፋል፤ የመዝገቡ አቀማመጥ ሲለወጥ የተጻፈው ሁሉ ይበላሻል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ወይም ሒሳብ ያዥ በገዛ መዝገባቸው ላይ ባለቤትነት የላቸውም ማለት ነው።

ኮድ ይህን ሁሉ ጎዳና ከተጠቃሚው ትከሻ ላይ ለማውረድ ተነሣ። በ1969 በኩባንያው ውስጥ ባሰራጨው፣ በሰኔ 1970 ደግሞ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር በሚያሳትመው መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ፣ መረጃ ሁሉ በተራ ሠንጠረዥ ሊቀመጥ እንደሚችል አሳየ። ሞዴሉ ሪሌሽናል ይባላል፤ ስያሜው በሒሳብ ትምህርት ዝምድና ከሚባለው ጽንሰ ሐሳብ የመጣ ነው።

በዚህ አሠራር ያ ማኅበር ሦስት ሠንጠረዦች ይበቁታል። በአንደኛው አባላቱ እያንዳንዳቸው በመለያ ቁጥር አንድ ጊዜ ብቻ ይመዘገባሉ። በሁለተኛው የማዳበሪያ ዓይነትና ዋጋ ይሰፍራል። ሦስተኛው ማን፣ ምን፣ መቼ፣ ስንት ኩንታል እንደወሰደ በቁጥሮቹ አማካይነት ያገናኛል። አንድ አባል ቀበሌ ቢቀይር ማስተካከያው በአንድ ቦታ ብቻ ይደረጋል። ያው አድራሻ በአሥር ቦታ ተጽፎ፣ ዘጠኙ ታርሞ አንዱ ሳይታረም ቀርቶ ውዝግብ የሚያስነሳበት ዕድል ይዘጋል። ኮድ በተከታዮቹ ሁለት ዓመታት ይህን ድግግሞሽ የማጥፋት ሥራ ደረጃ አውጥቶለት ኖርማላይዜሽን ብሎ ሰየመው። የሶፍትዌር ተማሪዎች እስከ ዛሬ በፈተና የሚጠየቁት ነው።

ትልቁ ለውጥ ግን በአጠያየቁ ላይ ነበር። ጠያቂው የሚፈልገውን ብቻ ይናገራል፤ መረጃው የት እንዳለና በምን መንገድ እንደሚደረስበት መፈለግ የኮምፒውተሩ ፋንታ ይሆናል።

አይ ቢ ኤም ግን አልቸኮለም። አይ ኤም ኤስ ጥሩ ገቢ እያስገባለት ነበር፤ ትላልቅ ደንበኞችም ብዙ ገንዘብ አፍስሰውበታል። ይህን ምርት የሚተካ ሐሳብ ከገዛ ቤቱ ሲወለድ ኩባንያው በደስታ አልተቀበለም። ጽሑፉም በሒሳብ ምልክት የተሞላ በመሆኑ ብዙ መሐንዲሶች ለማንበብ ከበዳቸው። የተረዱት ደግሞ በወረቀት ያማረ፣ በማሽን ላይ ግን የሚንፏቀቅ ነገር እንዳይሆን ሠጉ። የዚያ ዘመን ኮምፒውተር አቅም ሲታሰብ ሥጋቱ መሠረተ ቢስ አልነበረም። ኮድ በዚህ ጊዜ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ሐሳቡን በቀጥታ ለአይ ቢ ኤም ደንበኞች ያስረዳ ጀመር፤ ደንበኞቹም መልሰው ኩባንያውን ወተወቱ። ከቀጣሪው ጋር ለሚኖር ሠራተኛ ይህ ቀላል ድፍረት አይደለም።

በ1974 በሚቺጋን አን አርበር ከተማ በተካሄደ ጉባኤ ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ተገናኙ። በአንድ በኩል ኮድ፣ በሌላ በኩል ከአንድ ዓመት በፊት የኮምፒውተር ዘርፍ ከፍተኛውን ሽልማት የወሰደው ቻርልስ ባክማን ቆመው ተከራከሩ። ባክማን ፕሮግራም ጸሐፊ በመረጃው ባሕር ውስጥ መንገድ እየቀየሰ የሚጓዝ መሪ መሆን አለበት ባይ ነበር። በጦርነት አውሮፕላን ያበረረው ኮድ ግን ተሳፋሪው ራሱ መንገድ እንዲቀይስ አይገደድ ብሎ ሞገተ። በዚያው ዓመት ኮምፒውተር ያልተማረ ሰው በተለመደ የእንግሊዝኛ ቋንቋ እየጠየቀ መልስ የሚያገኝበትን ራንዴቩ የተባለ ሥራ ይፋ አደረገ። ጊዜው ስላልደረሰ ለገበያ አልበቃም።

አይ ቢ ኤም በበኩሉ ሲስተም አር የተባለ የሙከራ ፕሮጀክት በሳን ሆዜ ፈቀደ። ከኮድ ንግግር ሐሳቡን የቀሰሙት ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ፣ ዛሬ ኤስ ኪው ኤል የሚባለውን የመጠየቂያ ቋንቋ ነደፉ። ብዙ ገጽ ይፈጅ የነበረው ጥያቄ በጥቂት መስመር የሚያልቅ ሆነ። ቦይስ ሥራው ፍሬ ሲያፈራ ሳያይ በዚያው በ1974 በወጣትነቱ አረፈ። ቋንቋው ኮድ ራሱ ያዘጋጀውና አልፋ ያለው አልነበረም፤ በፕሮጀክቱም ውስጥ ድርሻው አማካሪ ከመሆን ብዙም አላለፈም።

የአይ ቢ ኤም ተመራማሪዎች ውጤታቸውን በመጽሔት ያሳትሙ ስለነበር ዕውቀቱ ከግቢው ወጣ። በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ማይክል ስቶንብሬከርና ዩጂን ዎንግ እነዚያን ጽሑፎች አንብበው ከተማሪዎቻቸው ጋር ኢንግረስ የተባለ የመረጃ ቋት ሠሩ። ፕሮግራሙንም በቴፕ እየቀዱ ለሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች አደሉ፤ ብዙ የዘርፉ ባለሙያዎች ሙያውን የለመዱት ይህን እየፈቱና እየገጠሙ ነው። ላሪ ኤሊሰን የተባለ ፕሮግራም ጸሐፊም ያንኑ ጽሑፍ አነበበ። በ1977 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ትንሽ ኩባንያ አቋቋመና በ1979 ኦራክልን ለገበያ አቀረበ። አይ ቢ ኤም የራሱን ምርት መሸጥ የጀመረው በ1981 ነው፤ ዲ ቢ ቱ የተሰኘው ደግሞ በ1983 ተከተለ። ሐሳቡ ከቤቱ የወጣው ኩባንያ ጎረቤት ቀድሞት ገበያ ደረሰ። ኤሊሰን ከዓለም ከበርቴዎች አንዱ ሲሆን ኮድ በደመወዙ ኖረ።

ክብሩ ግን አልቀረበትም። በ1976 አይ ቢ ኤም ለሠራተኞቹ የሚሰጠውን ከፍተኛ የሙያ ማዕረግ አገኘ፤ በ1981 ደግሞ ባክማን የወሰደውን የቱሪንግ ሽልማት ተቀበለ።

በ1984 ከአይ ቢ ኤም ከወጣ በኋላ ከቀድሞ ባልደረባው ከክሪስ ዴት ጋር የማማከርና የማሠልጠን ሥራ ጀመረ። ዴት የመምህርነት ጸጋ የነበረው ሰው ነው። በ1975 ያወጣው የመማሪያ መጽሐፍ የኮድን የሒሳብ ቋንቋ ለተማሪ በሚገባ አነጋገር አቅርቦ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተነቧል። ኮድ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ሞዴሉ በሊቃውንት መካከል ታጥሮ ሊቀር ይችል እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

በዚህ ጊዜ ሌላ ጣጣ መጣ። ሪሌሽናል የሚለው ስም ገበያ ስላገኘ፣ ኩባንያዎች አሮጌ ምርታቸውን በአዲስ ስም መሸጥ ያዙ። ኮድ በጥቅምት 1985 ኮምፒውተርወርልድ በተባለ ጋዜጣ ላይ እውነተኛው ከአስመሳዩ የሚለይባቸውን 12 ሕጎች አወጣ። ነጋዴዎቹ አልተደሰቱም። በኤስ ኪው ኤል ላይም ነቀፌታውን አላቆመም፤ አንድ ረድፍ ሁለት ጊዜ እንዲደገም መፍቀዱና ያልታወቀ መረጃን በደንብ አለመያዙ ያበሳጨው ነበር። ቋንቋው ግን በ1986 የአሜሪካ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ።

በስተርጅናው አንድ ነገር ስሙን ነካው። በ1993 እርሱና ባልደረቦቹ ስለ አዲስ ዓይነት የመረጃ ትንተና ባወጡት ሰነድ 12 መመዘኛዎችን አስቀመጡ። ሰነዱ የተዘጋጀው ያንን ምርት በሚሸጥ አንድ ኩባንያ ወጪ እንደነበር ሲታወቅ ትችት ተነሣ። ስምንት ዓመት ቀድሞ ነጋዴዎችን የገሠጸ ሰው በመሆኑ ትችቱ ጠንከር ብሎ ተሰማ። የ1970ውን ሥራ ግን አላደበዘዘውም።

ኮድ የአራት ልጆች አባት ነበር። እ.አ.አ ሚያዝያ 18 ቀን 2003 በፍሎሪዳ በሚገኘው ቤቱ በልብ ሕመም በ79 ዓመቱ ዐረፈ። በዓመቱ የመረጃ ቋት ተመራማሪዎች ማኅበር በየዓመቱ የሚሰጠውን የፈጠራ ሽልማት በስሙ ሰየመው። ለጨረቃው ጉዞ የተሠራው አይ ኤም ኤስም አልጠፋም፤ በአንዳንድ ታላላቅ ባንኮች ውስጥ ከኮድ ሠንጠረዦች ጎን ለጎን አሁንም ይሠራል።