ያለ ደመወዝ ያስተማረችው የሒሳብ ሊቅ

ኤሚ ኖተር እ.ኤ.አ. በ1882 በጀርመን ኤርላንገን ከተማ ተወለደች። አባቷ ማክስ ኖተር በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ነበሩ። እሷም በ1907 ዶክትሬቷን በከፍተኛ ማዕረግ ተቀበለች። የዛሬ የዩኒቨርሲቲ ቅጥር ማስታወቂያ የሚጠይቀው ዲግሪና የታተመ ጥናት ሁለቱም ነበራት። ችግሩ ሴት መሆኗ ነው። ሰባት ዓመት ያህል በኤርላንገን ያለ ደመወዝ ሠራች፤ አባቷ ሲታመሙም ተክታቸው ታስተምር ነበር።

በ1915 ዴቪድ ሂልበርትና ፌሊክስ ክላይን ወደ ጐቲንገን ዩኒቨርሲቲ ጋበዟት። ሁለቱ ስመ ጥር ሊቃውንት ቢደግፏትም የማስተማር ፈቃድ ጥያቄዋ ከሌሎች የፋኩልቲው መምህራን ተቃውሞ ገጠመው። የተገኘው ዘዴ ያስገርማል፤ ትምህርቱ በሂልበርት ስም ይለጠፋል፣ ክፍል ገብታ የምታስተምረው ግን እሷ ናት። ዛሬ በስሟ የሚጠራውን ቲዎረም በ1918 ያሳተመችው በዚህ ሁኔታ ላይ እያለች ነው። ቲዎረሙ፣ ለምሳሌ፣ የተፈጥሮ ሕግ ዛሬም ነገም አንድ ዓይነት ከሆነ ኢነርጂ እንደማይጠፋ ያስረዳል።

ፈቃዱ በ1919 ተገኘ። በ1922 የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ተሰጣት፤ ማዕረጉ ግን ደመወዝ አልነበረውም። በ1923 ለምታስተምረው አልጀብራ አነስተኛ ክፍያ ተቆረጠላት። ይህችንም ሥራ ናዚዎች በ1933 አይሁዳዊት በመሆኗ ነጠቋት።

አሜሪካ የሚገኘው ብሪንማር የሴቶች ኮሌጅ ተቀበላት፤ ለደመወዟም የሮክፌለር ፋውንዴሽን እገዛ አደረገ። ብዙ አልቆየችም። በ1935 ከቀዶ ሕክምና በኋላ በ53 ዓመቷ አረፈች። የአስከሬኗ አመድም በኮሌጁ ቅጥር ግቢ ውስጥ ይገኛል።