ስም አልጠራም ያለው ደራሲ፦ ዳሺል ሃሜት

እ.ኤ.አ በኦክቶበር 1941 በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረው «የማልታው ጭልፊት» የተሰኘው የወንጀል ፊልም ከ400 ሺህ ዶላር ባነሰ ወጪ የተሠራ ነበር። ዳይሬክተሩ ጆን ሂውስተን ከዚያ ቀደም ፊልም አዘጋጅቶ አያውቅም። መሪ ተዋናይ እንዲሆን በመጀመሪያ የታጨው ጆርጅ ራፍት ሥራውን ባለመቀበሉ ቦታው ለሃምፍሪ ቦጋርት ተሰጠ። ታሪኩ በአብዛኛው በቢሮና በሆቴል ክፍሎች ውስጥ የሚካሄድ ሲሆን ከጠመንጃ ይልቅ ንግግር ይበዛበታል። ይሁን እንጂ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ በ1989 ለትውልድ ተጠብቀው እንዲቆዩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመረጣቸው 25 ፊልሞች አንዱ ይኸው ፊልም ሆኗል። ከታሪኩ ጀርባ ያለው ሰው ደራሲው ሳሙኤል ዳሺል ሃሜት ነው።

ሃሜት የተወለደው እ.ኤ.አ ሜይ 27 ቀን 1894 በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት ነው። ቤተሰቡን ለመርዳት ሲል በ14 ዓመቱ ገደማ ትምህርቱን አቋርጦ በልዩ ልዩ አነስተኛ ሥራዎች ላይ ከተሰማራ በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ1915 ፒንከርተን በተባለው ታዋቂ የግል የምርመራ ድርጅት ባልቲሞር ቅርንጫፍ ተቀጠረ። ድርጅቱ ሌቦችንና አጭበርባሪዎችን ከመከታተል ባሻገር፣ የሥራ ማቆም አድማ የሚመቱ ሠራተኞችን ለመሰለልና ለመበተን በባለሀብቶች የሚከራይ ስለነበር በሠራተኛ ማኅበራት ዘንድ እጅግ የተጠላ ነበር። ወጣቱ መርማሪ በዚህ ሥራ ላይ ያየው የገንዘብ፣ የፖሊስና የፖለቲካ ሽርክና በኋላ ላይ ለጻፋቸው መጻሕፍት ዋነኛ ምንጭ ሆኖለታል።

ስለ ሃሜት አጻጻፍ ብዙ ተብሏል። ከሁሉም በላይ የሚያሳምነው ግን የአጻጻፍ ትምህርት ቤቱ የመርማሪነት ሪፖርት ነበር የሚለው ነው። የፒንከርተን ሠራተኛ ለደንበኛው የሚያቀርበው ዘገባ በዓይን የታየውንና በጆሮ የተሰማውን ብቻ ይይዛል። ተጠርጣሪው በስንት ሰዓት ከቤቱ ወጣ፣ ከማን ጋር ተገናኘ፣ ምን ለብሶ ነበር ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል እንጂ በሰውየው ልብ ውስጥ ያለውን አይተነትንም። ሃሜትም ይህንኑ ሥርዓት ወደ ልብ ወለድ አሻገረው። «የማልታው ጭልፊት» ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ የዋናውን ገጸ ባሕርይ የሳም ስፔድን ሐሳብ በቀጥታ አይነግርም፤ አንባቢው የሚያየው የሠራውንና የተናገረውን ብቻ ነው። የካሜራም ሥራ ይኸው በመሆኑ ድርሰቱ ለፊልም የተመቸ ሆኖ መገኘቱ አያስገርምም።

እ.ኤ.አ በ1918 ሃሜት በአሜሪካ ጦር የአምቡላንስ ክፍል ውስጥ ተመልምሎ ሳለ፣ በአገራችን የኅዳር በሽታ በመባል የሚታወቀው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ያዘው። ከዚያም የሳንባ ነቀርሳ ተከተለው። ወደ ጦር ሜዳ ሳይሄድ ከጦሩ የተሰናበተው ሃሜት ከዚያ ወዲህ ሙሉ ጤና አግኝቶ አያውቅም። በሆስፒታል ስታስታምመው የነበረችውን ነርስ ጆሴፊን ዶላንን እ.ኤ.አ በ1921 በሳንፍራንሲስኮ አግብቶ ሁለት ሴት ልጆችን ወለደ። የምርመራ ሥራውን ግን አቅሙ ስላልፈቀደለት ተወው። ለጌጣጌጥ መደብር የማስታወቂያ ጽሑፍ እያዘጋጀ፣ ጎን ለጎንም «ብላክ ማስክ» ለተባለው ርካሽ የወንጀል ታሪኮች መጽሔት በቃላት ቁጥር እየተከፈለው አጫጭር ታሪኮችን ይጽፍ ጀመር።

በዚያን ዘመን የወንጀል ልብ ወለድ ማለት በአብዛኛው በእንግሊዝ የገጠር መኖሪያ ቤቶች ውስጥ የሚፈጸም፣ በመጨረሻው ምዕራፍ እንደ እንቆቅልሽ የሚፈታ ግድያ ነበር። ሃሜት ግድያውን ከእልፍኝ አውጥቶ ወደ ጎዳና ወሰደው። እ.ኤ.አ በ1929 የወጣው «ቀይ አዝመራ» የተሰኘው የመጀመሪያ ረጅም ልብ ወለዱ፣ ከንቲባ፣ ፖሊስና ወሮበላ ተለይተው የማይታወቁባትን የማዕድን ከተማ ያሳያል። በዚያው ዓመት «የዴይን ቤተሰብ እርግማን»፣ እ.ኤ.አ በ1930 «የማልታው ጭልፊት»፣ በ1931 «የመስታወት ቁልፍ»፣ በ1934 ደግሞ «ቀጭኑ ሰው» ተከታትለው ወጡ። አምስቱ ረጅም ልብ ወለዶች በአምስት ዓመታት ውስጥ መታተማቸው ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ሕልፈቱ ድረስ በነበሩት 27 ዓመታት አንድም ልብ ወለድ አላሳተመም።

ሆሊውድ «የማልታው ጭልፊት»ን ሁለት ጊዜ፣ ማለትም እ.ኤ.አ በ1931 እና በ1936 ሠርቶት ነበር። የኋለኛው ታሪኩን ወደ ቀልድ ለውጦት ብዙም ሳይነገርለት ቀርቷል። ሂውስተን የተሳካለት ለመጽሐፉ ታማኝ በመሆኑ ነው። የሃሜትን ምልልሶች ከሞላ ጎደል እንዳሉ ወስዶ፣ ቦጋርትን፣ ሜሪ አስተርን፣ ፒተር ሎሬንና በ61 ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በፊልም የተወነውን ሲድኒ ግሪንስትሪትን አሰለፈ። በፊልሙ መጨረሻ ስፔድ የሚወዳትን ሴት ለፖሊስ አሳልፎ ይሰጣል። ይህን የሚያደርገው ከደሙ ንጹሕ ሆኖ አይደለም፤ የተገደለውን የሥራ ባልደረባውን እንኳ እምብዛም አይወደውም ነበር፤ ከሚስቱም ጋር ይወሰልት ነበር። ሆኖም ባልደረባ ሲገደል ዝም ማለት ለሙያው አይበጅም ብሎ ያምናል። ተመልካች ከ80 ዓመታት በኋላም ይህንን ትዕይንት ተቀምጦ የሚያየው፣ ሰውየው ጻድቅ ሳይሆን ግዴታውን መፈጸሙ ስለሚያስጨንቀው ይመስላል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በጀርመን ወረራ ምክንያት ለዓመታት ወደ ፈረንሳይ ሳይገቡ የቆዩ የአሜሪካ ፊልሞች በአንድ ጊዜ ፓሪስ ደረሱ። እ.ኤ.አ በ1946 የፈረንሳይ ሐያስያን እነዚህን ጥላ የበዛባቸውና መጨረሻቸው የማያስደስት የወንጀል ፊልሞች «ፊልም ኗር»፣ ማለትም ጥቁር ፊልም ሲሉ ጠሯቸው። «የማልታው ጭልፊት» ስሙን ካስገኙት ፊልሞች አንዱ ነበር። ብርሃንና ጥላን የማጋጨቱን ዘዴ ካዳበሩት ባለሙያዎች መካከል ፍሪትዝ ላንግ፣ ቢሊ ዋይልደርና ሮበርት ሲዮድማክን የመሳሰሉ ከናዚ አገዛዝ የሸሹ ስደተኞች ይገኙበታል። የሃሜት ደረቅ ቋንቋና የእነርሱ ጨለማ ሳይነጋገሩ ተገናኝተዋል ማለት ይቻላል።

ሃሜት ግን በዚያን ጊዜ ከሆሊውድ ርቆ ነበር። እ.ኤ.አ በ1942፣ በ48 ዓመቱ፣ ሳንባው የተጎዳ ሆኖ ሳለ በተራ ወታደርነት በድጋሚ ተመዘገበ። በአላስካ አሉሺያን ደሴቶች በምትገኘው አዳክ ተመድቦም «ዘ አዳኪያን» የተባለውን የጦር ሰፈር ጋዜጣ በአርታኢነት መራ። የአሜሪካ ጦር ጥቁርና ነጭ ወታደሮችን ለያይቶ በሚያሰማራበት በዚያ ወቅት የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ሁለቱንም ወገኖች አንድ ላይ ያሠራ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ በግራ ዘመም ንቅናቄዎች ውስጥ በስፋት የተሳተፈው ሃሜት፣ የሲቪል መብቶች ኮንግረስ የተባለው ድርጅት የዋስትና ገንዘብ ባለአደራ ሆኖ አገለገለ። ገንዘቡ ለተከሰሱ የአሜሪካ ኮሚኒስት ፓርቲ መሪዎች ማስያዣ ውሎ ነበር። እ.ኤ.አ በ1951 ከተፈረደባቸው 11 መሪዎች አራቱ እስር ቤት ሳይገቡ ተሰወሩ። ፍርድ ቤቱም ለፈንዱ ገንዘብ ያዋጡት እነማን እንደሆኑ እንዲናገር ሃሜትን ጠየቀው። እ.ኤ.አ ጁላይ 9 ቀን 1951 በኒው ዮርክ ችሎት የቀረበው የቀድሞ መርማሪ፣ በራስ ላይ ያለመመስከር ሕገ መንግሥታዊ መብቱን ጠቅሶ አንድም ስም ሳይጠራ ቀረ። ፍርድ ቤት በመድፈር ስድስት ወር ተፈረደበት። የረጅም ጊዜ የሕይወት አጋሩ ጸሐፌ ተውኔት ሊሊያን ሄልማን በኋላ እንደጻፈችው ከሆነ፣ ሃሜት የአዋጪዎቹን ስም ጨርሶ አያውቅም ነበር። አላውቅም ብሎ መልስ በመስጠት ሊድን ይችል ነበር ማለት ነው።

ወደ አምስት ወር ገደማ ታስሮ ሲለቀቅ 57 ዓመቱ ሲሆን፣ በእስር ላይ ሳለ መጸዳጃ ቤት ማጽዳት ከተሰጡት ሥራዎች አንዱ ነበር። በሳም ስፔድ ስም ይተላለፍ የነበረው ተከታታይ የራዲዮ ድራማ በዚያው ዓመት ተቋረጠ፤ የግብር ባለሥልጣናትም ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ውዝፍ ዕዳ ጠይቀው ገቢውን ያዙበት። እ.ኤ.አ በ1953 ደግሞ በሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀረበ። ጉዳዩ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በባሕር ማዶ ላሉ ቤተ መጻሕፍቱ የኮሚኒስቶችን መጻሕፍት በመንግሥት ገንዘብ ገዝቷል የሚል ሲሆን፣ የሃሜት መጻሕፍትም ከአንዳንድ መደርደሪያዎች ተነሡ። የኮሚቴውን ቁጣ የፈሩ ኃላፊዎች በችኮላ የወሰዱት ይህ እርምጃ ብዙም አልዘለቀም። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር እርሳቸው ቢሆኑ የሃሜትን መጻሕፍት እንደማያነሡ በይፋ ከተናገሩ በኋላ መጻሕፍቱ ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል። የደራሲው ገቢ ግን አልተመለሰም።

የመጨረሻ ዓመታቱን ወዳጆቹ በሰጡት አነስተኛ ጎጆ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ካቶና ያሳለፈ ሲሆን፣ የጀመረውን አንድ ልብ ወለድ ሳይጨርስ እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 10 ቀን 1961 በሳንባ ካንሰር ኒው ዮርክ ውስጥ አረፈ። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ያገለገለ ወታደር በመሆኑ በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ተቀብሯል።

በልብ ወለዱ ውስጥ ሰዎች የሚገዳደሉባት የወፍ ቅርጽ በመጨረሻ ከእርሳስ የተሠራች ሐሰተኛ ሆና ትገኛለች። ለሂውስተን ፊልም ቀረጻ ከተዘጋጁት የእርሳስ ጭልፊቶች አንዱ እ.ኤ.አ በኖቬምበር 2013 በኒው ዮርክ ለጨረታ ቀርቦ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል።