ዘፈን በሸክላ ያስቀረጹት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ

በአዲስ ከተማ መርካቶ፣ ከሸማ ተራ እስከ ምናለሽ ተራ የሚዘዋወር ሰው ጆሮው ከዘፈን አያርፍም። አንዱ ሱቅ የድሮ ዘፈን ያሰማል፤ ማዶ ያለው ደግሞ ያንኑ ዘፈን ሌላ ወጣት በሌላ ድምፅና በሌላ መሣሪያ ሲዘፍነው ያሰማል። ገዢውም የወደደውን ይዞ ይሄዳል። የዘፋኙን ስም ያውቃል፤ ግጥሙን ማን እንደ ገጠመው፣ ዜማውንም ማን እንዳወጣው ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኛም ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ኋላ ብንሄድ ከመርካቶ ዕድሜ የሚበልጥ ሆኖ አገኘነው። መርካቶ በዛሬው ቦታው የተቋቋመው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ታላቁ ገበያ አራዳ ላይ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። በዚያ ዘመን የነጋዴ አለቃና የቀረጥ ሹም ነጋድራስ ይባል ነበር። ይህን ማዕረግ ከያዙት ሰዎች አንዱ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ ስማቸው ግን እስከ እኛ የደረሰው በቀረጥ መዝገብ ሳይሆን በሸክላ ነው።

ተሰማ እሸቴ በ1869 ዓ.ም. ገደማ በሸዋ፣ በምንጃር ተወለዱ። ወደ አዲስ አበባም መጥተው በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አገልግሎት ገቡ። ምኒልክ ለአዲስ ነገር ያላቸው ፍቅር የታወቀ ነው። በ1891 ዓ.ም. ገደማ የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ድምፅ በፎኖግራፍ ተቀርጾ በደረሳቸው ጊዜ፣ እሳቸውና እቴጌ ጣይቱም በዚያው መሣሪያ ድምፃቸውን አስቀርጸው መልስ ልከዋል። (የንግሥቲቱ ድምፅ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ታዞ እንደ ነበር ስናስብ፣ ለቅርስ የሚያስብ ሰው በየአገሩ እንዲህ ጥቂት ኖሯል እንላለን።) በ1900 ዓ.ም. አውቶሞቢል አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ የሚነዳውና የሚጠግነው ሰው አስፈለገ። ስለዚህም ንጉሠ ነገሥቱ ተሰማ እሸቴን ከሌሎች ጋራ ለዚሁ ትምህርት ወደ ጀርመን አገር ላኩ።

ተሰማ ለሞተር ትምህርት ሄደው ሳለ በበርሊን ዘፈን አስቀረጹ። ከ1900 እስከ 1902 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ከዐሥር በላይ ሸክላ ተዘጋጅቶ ወጣ። እስከምናውቀው ድረስ የኢትዮጵያ ዘፈን በሸክላ ታትሞ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው።

የዚያን ጊዜ ቀረጻ እንዴት ያለ እንደ ነበር የዛሬ ተማሪ ሊያውቀው ይገባል። ማይክሮፎን የለም፤ ዘፋኙ በትልቅ ቀንድ አፍ ላይ ቆሞ ይዘፍናል፤ የድምፁም ጉልበት ብቻውን በቀንዱ ማዶ ያለውን መርፌ እያንቀጠቀጠ በሰም ላይ ይጽፋል። ቢሳሳት እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። የሸክላው አንድ ገጽ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። በአገራችን ግን መሰንቆ የያዘ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲገጥም ያድራል፤ አድማጩ ተቀበል እያለ ስንኝ ይሰጠዋል፤ እሱም ተቀብሎ ያዜማል፤ የተወደሰው ይሸልማል፤ የተነካውም ያጉረመርማል። የበርሊኑ ቀንድ ግን ስንኝ አያቀብልም፤ ሽልማትም የለው። ተሰማ መሰን቏ቸውን ይዘው፣ ቋንቋቸውን በማያውቅ ባለሙያ ፊት፣ ሌሊት የሚፈጀውን ነገር በሦስት ደቂቃ መጨረስ ነበረባቸው።

በሸክላው ላይ ያለው ዜማ የሳቸው ፈጠራ አይደለም፤ ከአዝማሪዎች አፍ የተወረሰ የሕዝብ ዜማ ነው። በኛ አገር ልማድ ይህ ነውር ሆኖ አያውቅም። ትዝታም ሆነ አምባሰል፣ ባቲም ሆነ አንቺ ሆዬ ባለቤቱ ሕዝብ ነው፤ የዘፋኙ ሀብት በዚያ ላይ የሚጭነው ቃል ነው። ተሰማም የታወቁት በቅኔ አዋቂነታቸው ነበር፤ ሰምና ወርቁን በአንድ ስንኝ ማዋሃድ የሚችሉ ሰው ነበሩ። ይሁን እንጂ ዕጣቸው የተገላቢጦሽ ሆነ። የሁሉ የሆነው ዜማ በሸክላ ታትሞ ስማቸውን ተሸከመ፤ የራሳቸው የሆነው ግጥም ግን ካፍ ወደ አፍ እየዞረ ለብዙ ሰው የማንም ሆነ። በእኛ አስተያየት በሕይወታቸው ውስጥ ከሁሉ የሚያስቈጨው ይህ ነው።

ሌላም ችግር ነበር። አዝማሪ በግብር ቤት ይወደዳል፤ በዘር ቈጠራ ጊዜ ግን ይናቃል። ሹመት ያለው ሰው መሰንቆ ይዞ መታየቱ ለብዙዎቹ መኳንንት የሚዋጥ አልነበረም። ተሰማ ግን ሹመቱንም መሰንቆውንም ያዙ። ከጀርመን ከተመለሱ በኋላ የልጅ ኢያሱ የቅርብ ወዳጅ ሆኑ፤ ይህም ከፍ አደረጋቸው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ግን የወዳጅነቱ ዕዳ ለሳቸውም ደረሰ፤ ከቤተ መንግሥቱም ራቁ። መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ላይ የተወለደው ልጃቸው፣ በኋላ በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብና በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንትነት ስሙ የታወቀው ይድነቃቸው ተሰማ ነው። የአባቱን ግጥሞች ሰብስቦ ያሰናዳውም እሱ ነው፤ መጽሐፉም ሰምና ወርቅ ተባለ። እንግዲህ ባለቤት አጥቶ ይዞር የነበረው ቃል ወደ ባለቤቱ የተመለሰው በኳስ ሰው እጅ ነው ማለት ነው።

ነጋድራስ ተሰማ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1964 ዐረፉ። የገጣሚን፣ የዜማ ደራሲንና የከዋኝን መብት ለይቶ የሚያስጠብቀው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቍጥር 410 የወጣው ከዚያ አርባ ዓመት ቈይቶ በ1996 ዓ.ም. ነው። የበርሊኖቹ ሸክላዎችም መቶ ዓመት ከሞላቸው በኋላ፣ በ2003 ዓ.ም. ገደማ፣ ኢትዮፒክስ በሚባለው የፈረንሳይ ተከታታይ ኅትመት 27ኛ ክፍል ሆነው እንደ ገና ወጡ። በሽፋኑ ላይ ከስማቸው በፊት የተጻፈው ማዕረግ አዝማሪ የሚል ነው።