ሐኪም ወርቅነህና ጠባሳቸው

እኔ የፈረስ ቤት ልጅ ነኝ። በልምምድ ላይ ሳለሁ ለአንዲት እናት ነጠላቸውን እንኳ ሳላስወርድ ማዳመጫዬን ደረታቸው ላይ ለጠፍኩ። መምህሬ ዝም ብሎ ነጠላውን ገለጥ ሲያደርገው የአንገታቸው ደም ሥር ተወጥሮ እስከ ጆሯቸው ሥር ይታያል። የልብ ድካም ምልክት ፊቴ ላይ ነበር! ማታውን ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ትዝ አሉኝ።

ሐኪም ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. ገደማ ጎንደር ተወለዱ። በ1860 መቅደላ ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር አግኝቶ ወደ ሕንድ ወሰዳቸው። ካሳደጓቸው ሁለት መኮንኖች ስም ተወጣጥቶ ቻርልስ ማርቲን ተባሉ። ላሆር ሕክምና ተምረው በርማ ሠሩ። በዘመናዊ ሕክምና የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም እሳቸው ናቸው። ከዐድዋ ድል በኋላ ዐፄ ምኒልክ ዘንድ ሲመጡ ግን አማርኛው ጠፍቷቸዋል። እስኪ አስቡት፣ የገዛ ወገንን የት ጋ ነው የሚያምዎት ለማለት አስተርጓሚ መፈለግ!

ከዚያ አንዲት አሮጊት የልጄ ልጅ ነው ብለው መጡ። ማን ያምናቸዋል? ስሙ ሌላ፣ ቋንቋው ሌላ። አሮጊቷ ግን ከልጅነቱ የሚያውቁትን ጠባሳ ገላው ላይ ፈልገው አገኙት። ወርቅነህ የሚለው ስም የተመለሰው እንዲህ ነው። አያትየው የት እንደሚያዩ ያውቁ ነበራ!

ሐኪሙ በጣልያን ወረራ ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ፤ በ1945 ዐረፉ።

በማግስቱ እኒያ እናት አልጋ አጠገብ ቆምኩ። ማዳመጫዬን ኪሴ ከትቼ መጀመሪያ አየኋቸው።