ፖል ሮብሰን እና በሲኒማ ያልታየው አባት

ሲኒማ ቤት ገብተን ስንወጣ የምናወራው ስለ ዘፈኑና ስለ ጠቡ ነው፤ ጥቁሩ ሰው በመጋረጃው ላይ ምን ሆኖ እንደ ታየ ግን እምብዛም አንጠያየቅም። ፖል ሮብሰን በዚህ ጥያቄ ምክንያት እንጀራውን የተወ ሰው ስለ ሆነ ታሪኩን ልናወጣ ወደድን። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ስለ አባቱ እንናገር። ዊልያም ድሩ ሮብሰን በሰሜን ካሮላይና በባርነት ተወልደው በ1860 በዐሥራ አምስት ዓመታቸው አመለጡ። በሊንከን ዩኒቨርሲቲ ተምረው ቄስ ሆኑ፤ በፕሪንስተን ከተማም ሃያ ዓመት ያህል አገለገሉ። ያን ሹመት ባጡ ጊዜ በጋሪ የሰው ቤት አመድ እየጫኑ ልጆቻቸውን አሳደጉ። ፖል በ1898 ተወለደ፤ በ1904 እናቱ በምድጃ እሳት ተቃጥለው ሞቱ። ከዚያ ወዲያ አባትም እናትም እኒህ ቄስ ነበሩ። ልጃቸውን ንግግር እያስጠኑ፥ ትምህርቱን እየተቆጣጠሩ ለራትገርስ ኮሌጅ አበቁት። በ1919 በማዕረግ ሲመረቅ ግን አላዩትም፤ በ1918 ዐርፈዋል።

ሮብሰን በ1923 በኮሎምቢያ የሕግ ዲግሪ ቢያገኝም በቆዳው ምክንያት የጥብቅና መንገድ ስለ ጠበበበት ወደ ቴአትር ዞረ። ሲኒማ ምን ሰጠው? የእውነተኛ ቄስ ልጅ በ1925 በመጀመሪያ ፊልሙ ቄስ መስሎ የሚያታልል ወንጀለኛ ሆነ፤ የፊልሙ ባለቤት ኦስካር ሚሾ ራሱ ጥቁር ነበርና ነገሩ ያስገርማል። በ1935 እንግሊዝ አገር በተሠራው «ሳንደርስ ኦቭ ዘ ሪቨር» የአፍሪካን ክብር አሳያለሁ ብሎ ገባ፤ ፊልሙ ሲያልቅ የቅኝ ገዢዎች ውዳሴ ሆኖ ስላገኘው በአደባባይ አወገዘው። በ1940 «ዘ ፕራውድ ቫሊ» በተባለው ፊልም በዌልስ የከሰል ማዕድን ለጓደኞቹ የሚሞት ሠራተኛ ሆነ። የተከበረ ሰው ነው፤ ነገር ግን ሚስትም ልጅም የሌለው መንገደኛ ነው። ለእኛ እንደሚመስለን እዚህ ላይ ነው ጉድለቱ፤ ጥቁር ሰው ጀግና ሆኖ እንዲሞት ይፈቀድለታል፥ ማታ ቤቱ ገብቶ የልጁን ደብተር እንዲያይ ግን አይፈቀድለትም። ልጅ ደግሞ በመጋረጃ ያላየውን አባት በቤቱ ቢያገኘው እንኳ እንደ ተራ ነገር ይቆጥረዋል።

በ1942 በሆሊውድ «ቴልስ ኦቭ ማንሃታን» ከሰማይ የወረደ የመሰለውን ገንዘብ የሚለቅም የዋህ ጭሰኛ አደረጉት። ያን ጊዜ በቃኝ አለ፤ ወደ ሆሊውድም አልተመለሰም። መንግሥት በፖለቲካው ምክንያት ከ1950 እስከ 1958 ፓስፖርቱን ነጠቀው። በ1958 ሕይወቱን የሚተርክ መጽሐፍ ሲያወጣ መጀመሪያ የተረከው ስለ አባቱ ነበር።

በ1972 «ሳውንደር» የተባለ ፊልም ወጣ። ጥቁሩ ጭሰኛ ቤተ ሰቡን ለማብላት ሥጋ ሰርቆ ይታሰራል፤ ቆስሎ ሲመለስ ልጁን ከእርሻው አላቅቆ ወደ ትምህርት ቤት ይልከዋል። ሮብሰን ያን ጊዜ በፊላደልፊያ በእኅቱ ቤት ታሞ ተቀምጦ ነበር፤ በጥር 1976 ሞተ።